የእንግዳ እግር ያስጠገነው ደረጃ

አስኮት ቬል፣ ጁን 2016

ለተከበሩ የቤት ሽያጭና ኪራይ ቢሮ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልክ ሲጠራ ለማያነሡት ሠራተኞችዎ ሁሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ የሺሀረግ እባላለሁ፤ አከራዬ በእናንተ በኩል ለሽያጭ ባወጣው ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት የኖርሁ ተከራይ ነኝ። በእንግሊዝኛ የጻፍኋቸው ዘጠኝ ኢሜይሎች አንባቢ ስላጡ ይህን በአማርኛ ጽፌዋለሁ፤ ቢያንስ የሰፈሬ ሰው ያነበዋል። የምጽፈውም ከደስታዬ ብዛት ነውና እንደ ክስ እንዳይቆጥሩብኝ።

ገዢዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ቤቱን ለሠላሳ ደቂቃ እንዲያዩ ሲወሰን፣ ስለ ደህንነት ባለ አራት ገጽ መመሪያ ላካችሁልኝ። ወርቄን እንድደብቅ፣ መድኃኒቴን እንድቆልፍ፣ ቢላዋዬን ከዓይን እንዳርቅ፤ ያሰባችሁልኝ ነገር ብዛቱ! ያለኝ ወርቅ አንድ የጋብቻ ቀለበት ነው፤ እሱም ከጣቴ አልወጣ ካለ ስንት ዘመኑ። ስለዚህ ራሴን ደብቄ ዋልሁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. የበረንዳው ደረጃ ከእግሬ ሥር ሁለት ዓመት ሲወዛወዝ «ተመዝግቧል» ትሉኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ባለው ሐሙስ ግን ጎብኚ እንዳይወድቅ ተብሎ አናጢ መጣና በአርባ ደቂቃ አደላድሎት ሄደ። የእኔ እግር ማንንም የማያሳስብ እግር መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

2. የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። የቅዳሜ ሰዎች ገላቸውን ስለማይታጠቡ ነው፤ ገብቶኛል። ፎጣ ይዞ የሚመጣ ገዢ ቢፈልጉልን ምንኛ ደስ ባለኝ።

3. ነገሩ እንዲህ ከተገለጠልኝ በኋላ፣ የማኅበር ጓደኛዬ እትዬ ማንተግቦሽ ባለፈው ቅዳሜ የልጃቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው እንደ ገዢ መጡ። በር ላይ ለቆመው ሠራተኛዎ መታወቂያ አሳይተው፣ ስማቸውን አስመዝግበው፣ ዋጋው በዛ ብለው ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ የወጥ ቤቱን መብራት ማብሪያ ነኩና «በስመ አብ! ነዘረኝ!» ብለው ጮኹ። የሠራተኛዎ ፊት አመድ መሰለ፤ እዚያው ቆሞ በስልክ ኤሌክትሪሺያን ቡክ አደረገ። እኔን ያቺው ማብሪያ ከፋሲካ ጀምሮ ስትነዝረኝ ጓንት እንዳደርግ ነበር የተመከርሁት። ለምክሩም አመሰግናለሁ፤ ጓንቱ ለብርዱም ሆኖኛል።

4. ብርዱን ካነሣሁ ዘንድ፣ የቀረው ትልቁ ጉዳይ የሳሎኑ ጋዝ ማሞቂያ ነው። እሳት አልይዝ ካለ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ካፖርት ለብሼ እተኛለሁ። ቤቱን ማንም ይግዛው ማን፣ ውሌ እስከ ብርዱ ማብቂያ፣ እስከ ሴፕቴምበር ስለሆነ ይህን ብርድ የምጨርሰው እኔው ነኝ። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ቤት ለመግዛት ተነሥተው ነበር፤ ለዚህ ከባድ ሥራ ግን አላመንኋቸውም፣ መሐል ላይ ይስቁብኛል።

ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ፀጉርዎ ሙቀት አይለይዎት እያልሁ፣ በገዢዎቻችሁ ጥላ ሥር ተጠግታ የምትኖረው አክባሪዎ፣

የሺሀረግ

ማሳሰቢያ፦ በሚመጣው ቅዳሜ የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ጋሼ ኃይለመስቀል ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ማሞቂያው ፊት ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱ ካልተሰማቸው አይነሡም። መመሪያችሁ ጎብኚን ክፍል ውስጥ ብቻውን መተው ስለሚከለክል ሠራተኛዎ አብሯቸው ይቀመጣል። ወፍራም ካልሲ ያድርግ፤ ጋሼ እራት ሳይበሉ ከሰው ቤት ተነሥተው አያውቁም።