እህቴ የምትናገርባቸው ስላይዶች

ለተከበሩ የነርሶች ማሠልጠኛ ኮሌጅ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ይህ ደብዳቤ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ድምፅዎ እንደተጠበቀ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የፊደል አራሚ ነኝ። በኮሌጅዎ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ሰው አካል ያስተማረችው መምህርት ታላቅ እህቴ ናት። አምና የተደረገላት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ሕይወቷን አትርፎ ድምፅዋን ወሰደባት። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ» ሲላት፣ ወረቀት ስባ «ተማሪዎቼስ?» ብላ ጽፋ አሳየችው።

ከዚያ በኋላ ትምህርቷን የምትጽፈው ከፊደል በቀር ጌጥ በማያውቅ ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ነበር። ጽሑፉን ወደ ስላይድ የሚቀይረውን ማስተካከያ ደግሞ እየተጣላንም እየሳቅንም ሁለት ወር ሙሉ አብረን ሠራነው። ፊደሉ ከኋላ ወንበር እንዲነበብ ገዘፈ፤ የኮምፒውተሩን ቁልፍ በነካች ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይወጣል፤ ድሮ ድምፅዋን ከፍ ታደርግባቸው የነበሩ ቃላት ቀይ ሆነው ይመጣሉ። ኮከብ ምልክት ያደረገችበት መስመር ለራሷ ማስታወሻ ነውና ለተማሪ አይታይም። እንዲህ አድርጋ አንድ መንፈቀ ዓመት አስተማረች። ትቀልድም ነበር፤ ክፍሉን ጥቂት ታስጠብቅና ቁልፉን ስትነካ ሳቁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር ይላሉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ፦ ማንኛውም ስላይድ በአንድ ወጥ ቅርጽ ብቻ ይቅረብ የሚለውን መመሪያ በማውጣትዎ አመሰግናለሁ፤ ኮሌጁ አምሮበታል።

፪ኛ፦ ባለሙያዎ እሑድ ቀን ቢሮዋ ገብቶ፣ ሳይጠይቃትና ቅጂ ሳያስቀር የእኛን ማስተካከያ አጥፍቶ የእርስዎን በመተካቱ ትጋቱን አደንቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ስልሳ ተማሪ ፊት ቆማ ቁልፉን ስትነካ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተግተልትሎ ወጣ፤ ግርጌው በኮሌጁ ዓርማ ተሸፈነ። ቅርጽዎ ኮከቡ ምን እንደሆነ ስለማያውቅም፣ ለራሷ የጻፈችውን ግድግዳው ላይ ዘረጋው፦ «እዚህ ጋ አትቸኩዪ። ትንፋሽ ውሰጂ። የሚስቅ ካለ ወደ መስኮቱ እዪ።»

ተማሪዎቹ አነበቡት፤ አንድም የሳቀ አልነበረም። እህቴ ሰሌዳው ላይ «ይቅርታ» ብላ ጽፋ ወጣች። ቤት እንደገባች በደብተሯ የጻፈችልኝ ይህን ነው፦ «ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አዘኑልኝ።»

፫ኛ፦ ማስተካከያው እንዲመለስላት ላቀረብኩት አቤቱታ ሥራ በዝቶብዎ ሳለ በሦስተኛው ሳምንት መልስ በመስጠትዎ አመሰግናለሁ። «ቅርጹ አይለወጥም፤ የጎደለ ነገር ካለ መምህርቷ በቃል ታብራራው» ይላል። ወረቀቱን ደብቄባት ነበር። ከኮቴ ኪስ አግኝታው ኖሮ በማግስቱ የሥራ መልቀቂያዋን አስገባች።

ማስተካከያውን ከትዝታዬ እንደገና ሠርቼ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላት፤ ብዙውንም አልሳትኩም። መጥታ ተቀመጠች፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች፣ ግን አልተጫነችውም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ለገበያ ከምትጽፈው ዝርዝር በቀር አንድ መስመር ስትጽፍ አላየኋትም።

ሥራዎ ሁሉ እንደ ስላይዶችዎ ቀጥ ያለ፣ ከጥያቄም የጸዳ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

የመምህርቷ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ትናንት ከክፍልዎ በወጣ ቅርጽ የተዘጋጀ የስንብት ምስክር ወረቀት ደርሷታል። ስም በሚገባበት ቦታ «የባልደረባው ስም እዚህ ይግባ» የሚለው እንዳለ ቀርቷል። እህቴ እስክሪብቶ አንስታ ስሟን ራሷ ሞላችበት። ቅርጽዎን ስለነካችብዎ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።