በሩ ከተዘጋ በኋላ

ለተወደድህ ልጄ ለሲራክ አምሃ፤
ናይሮቢ።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሀዊስ እንደምን ሰነበተች? ያ በብርድ የሚነሣባት ሳል ለቀቃት ወይ? የልጅ ልጄ ሉሲስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ምግብስ ትበላለች? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው። እናትህ ድንቅነሽ ካረፈች ወዲህ ድምፅ የሚያሰማ ሰው ስለሌለ፣ የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ሆኜ እሰማዋለሁ።

የላክኸው ፊልም ደርሶኛል። ጎረቤታችን መምህር ባርናባስ በኮምፒውተሩ ከፍቶልኝ አብረን አየነው። እናንተን ሸኝቼ ብቻዬን ወደ ቤት ስገባና በሩን ስዘጋ ያነሣኸኝን የመጨረሻዋን ምስል ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃዴን ጠይቀሃል። ባርናባስ፣ «ጋሼ፣ አባቱን ብቻውን ትቶት ሄደ ብሎ ሰው ያማዋል፤ ያውጣት ይበሉት» ብሎኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን እንደ አባት ሳይሆን፣ ዕድሜውን በፊልም ዳይሬክተርነት እንደ ፈጀ ሰው የምነግርህ ነገር አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ለቅሶ አያትህ መንደር ኮንጋ ሄጄ ብዙነሽን አገኘኋት፤ ያችን በቡና ማጠቢያው የማድረቂያ አልጋዎቹን የምትቆጣጠረዋን። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ ያ ልጅዎ ለፊልሙ እንዲያምርለት ብሎ በእኩለ ቀን ሽፋኑን አንሡ አለን እኮ! ቡናውን ፀሐይ ሰነጣጥቆት ማን ሊገዛን ነው?» አለችኝ። አንተን የኮንጋ ሰው የልጅ ልጅ ነው ብሎ ማን ያምናል? ደግነቱ ምክሯን ሰምተህ፣ ሴቶቹ ቡናውን ሲሸፍኑ አነሣህ፤ ምስሉም አምሮአል። ሸፍነው እንደ ጨረሱ ግን ካሜራህን አጠፋህ። እነርሱ ከዚያ በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠው አረማመድህንና አነጋገርህን እያስመሰሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ዋሉ። «ሥራው አለቀ ብሎ ሄደ፤ እኛ ደግሞ ገና መጀመራችን ነበር» አለች ብዙነሽ።

ይህን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ድርጊቱ ሲያበቃ አጥፋ፣ አንድ ክንድ ፊልም እንኳ አታባክን ብዬሃለሁ። እኔንም አለቃዬ እጄን በማስመሪያ እየመታ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ገና ያልተቀረጸበት ጥሬ ፊልም ከውጭ አገር በስንት ደጅ ጥናት በሚመጣበት ዘመን ምክሩ ትክክል ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። አንተም አክብረህ ይዘኸው፣ ሥራህ ቁጥብና ንጹሕ ነው ተብለህ የተመሰገንኸው በዚሁ ነው። ነገር ግን ያንተ ካሜራ ጥሬ ፊልም አይበላም። ስለዚህ አሁን ሌላ ምክር እሰጥሃለሁ፤ ድርጊቱ ካበቃ በኋላ ቆይ።

የበሩን ነገር ልንገርህ። ዘግቼ ወደ ውስጥ አልዘለቅሁም። እጀታውን እንደ ያዝሁ እዚያው ቆምሁ። ከመንገዱ ማዶ የተከልኸውን ካሜራ ስትነቅል፣ ሉሲ ስትስቅ፣ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያም መልሼ ከፈትሁት። የቀረው አቧራው ብቻ ነበር።

ምስሏን አሳይ፤ ፈቅጃለሁ። ሰው የሚለውን ይበል። ነገር ግን ድርጊቱ ካበቃ በኋላ ያለውን፣ የጎደለውን ለማንሣት ስትመጣ፣ በሩን ዘግቼ ስገባ ካሜራህን ይዘህ ቁም። ካሜራ ባትይዝም ቁም።

ሀዊን የሳሉን ነገር ችላ እንዳትል ንገርልኝ፤ በጣም ናፍቃኛለች። ሉሲን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ የተከለቻት የአቮካዶ ችግኝ ከመስኮቱ ደርሳለች። ባርናባስም ምንም ቢል ይወድሃልና አክብሮ ሰላም ይልሃል።

አባትህ አምሃ አብዲሳ
ዲላ፣ የካቲት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.