ባሌ የለም ያልኩት እኔ ነኝ

ለተከበሩ የመኖሪያ ፈቃድ አጣሪ ክፍል ኃላፊ፤
(የመሥሪያ ቤትዎን ሙሉ ስም ያልጻፍኩት ከንቀት ሳይሆን ከፍርሃት የተነሳ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።)

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ፊርማ የሚያሳርፉበት ቀኝ እጅዎ ደህና ነው? ስለ ቀኝ እጅዎ አጥብቄ ዱዓ የማደርገው እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ የምንኖረው በእሱ ላይ ተንጠልጥለን ስለሆነ ነው። እኔ መርካቶ በርበሬ በረንዳ፣ ከአባቴ በወረስኩት ሱቅ፣ ዛላ በርበሬና ቅመም የምሸጥ ሐጀራ ነኝ። ለመንግሥት ስጽፍ እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየሰረዝኩ ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ባለቤቴ ሁዛይፋ የመናዊ ነው። ታኢዝ ከተማ ውስጥ አናጢ ነበር፤ እሱ የገጠማቸውን በሮችና መስኮቶች ጦርነቱ ከነቤቶቻቸው ሲያፈርስበት ባሕር ተሻግሮ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ኒካህ አሰርን፣ በወረዳም ተመዘገብን፤ እኔም በሚስትነቴ ዋስ ሆኜ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጠው ለክፍልዎ አመለከትኩ። ጊዜያዊ ፈቃዱ ሰኔ ሠላሳ ቀን ያበቃል። ዛሬ ሰኔ አሥራ አንድ ነው። ከሰኔ ሠላሳ በኋላ ባለቤቴ እዚህ የሚቆይበት ወረቀት አይኖረውም፤ እዚያም የሚመለስበት ቤት የለውም። የምፈራው ይህንን ነው። ዝርዝሩን በቁጥር የማቀርበው ክፍልዎ ያለ ቁጥር ምንም እንደማይቀበል በመስኮታችሁ በኩል ደጋግሞ ስለተነገረኝ ነው።

1. በቅድሚያ በጥር ወር ስለላኩልን አጣሪ አመሰግናለሁ። ጋብቻችን እውነተኛ መሆኑን ጎረቤት ጠይቆ እንዲያረጋግጥ የተላከው ሰው እጅግ ትሑት ከመሆኑ የተነሳ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚጠይቅ ለአንድም ሰው ሳይናገር ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ክቡርነትዎ መርካቶ ብቅ የሚሉት ምናልባት ለበዓል ብቻ ይሆናልና ይህን ላያውቁ ይችላሉ፦ እኛ ሰፈር ፋይል የያዘ ሰው ስለ ጎረቤት ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ አናውቀውም። ለሚመዘግብም፣ ለሚያሽግም፣ ለሚያፈርስም ይህንኑ እንላለን። ክፋት አይደለም፤ ጎረቤትነት ነው። በዚያ ላይ ገና በኅዳር ወር አንድ ሱዳናዊ ደንበኛችን ፋይል በያዘ ሰው ለአንድ ደቂቃ ትፈለጋለህ ተብሎ ከሻይ ቤት ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጀምሮት የሄደው ሻይ ጠረጴዛው ላይ ሲቀዘቅዝ ሁላችንም አይተናል፤ ብርጭቆውን ለማንሳት እስከ ማታ ድረስ የደፈረ አልነበረም።

2. ከእኔ ፊት ለፊት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚሸጡት እትዬ ሸዋርካብሽ ሁዛይፋን የሚያዩት እንደ ልጃቸው ነው። አማርኛ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ባለቤቴ ሲናደድ የሚናገረው እንደ አንዲት የስድሳ ዓመት የመንዝ ባልቴት ነው። እኚሁ ሴት አጣሪዎ ሲጠይቃቸው፣ እዚህ ሰፈር የመናዊ ቀርቶ የመን በየት በኩል እንደሆነች የሚያውቅ ሰው የለም ብለው በማርያም ማሉለት። ለዚሁ መሐላቸው የንስሐ አባታቸው ስግደት አዘውባቸው ጉልበታቸው እስከ ዛሬ ያማቸዋል፤ ክፍልዎን ግን ቂም አልያዙበትም። ወፍጮ ቤት ያላቸው ጋሼ ማሙሸት ደግሞ ባሰባቸው። ሐጀራ ምስኪን ናት፣ ባል አልቀናትም፣ ለመሆኑ አንተ አግብተሃል ወይ ብለው አጣሪዎን ለራሱ ሊድሩኝ ሞከሩ። ጋሼ ማሙሸት በወረዳ ጋብቻችን ሲመዘገብ በምስክርነት የፈረሙ ሰው ናቸው። ስማቸው በእጅዎ ባለው ፋይል ሦስተኛ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ገጹን የገለጠው ሰው ስላልነበረ ግን ማንም አልተሳቀቀም።

እንግዲህ የሚወዱን ሰዎች ሁሉ ተባብረው ባሌን ከምድር ላይ አጠፉት። ውሳኔዎም ባል ነው የተባለው ግለሰብ በአካባቢው የማይታወቅ ስለሆነ ጋብቻው የወረቀት ብቻ ነው ይላል። ወረቀቱን ይዤ ሱቄ ውስጥ ሳነበው የማይታወቀው ግለሰብ አጠገቤ ተቀምጦ ምን ይላል እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

3. ቅሬታዬን ሰምታችሁ ሁለተኛ አጣሪ እንልካለን ስላላችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ መቼ እንደሚመጣ ስላልነገራችሁኝም እንዲሁ። እትዬ ሸዋርካብሽ የነገሩን እውነት ሲሰሙ ፊታቸውን ነጩ፤ ከዚያም ጎረቤቱን ሰብስበው ከእንግዲህ ፋይል የያዘ ሰው ሲመጣ ሁሉም አለ ይበል ብለው አዘዙ። ጠንቃቃው ኮረሪማ አከፋፋይ ኢስሀቅ ብቻ፣ የሚመጣው አጣሪ ሳይሆን ወሳጅ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ ሻይ ቤቱ ዞሮ አየ። ያን ዕለት የገባብኝ ፍርሃት እስከ አሁን አልለቀቀኝም። ሞተር ሳይክል ደጃፋችን ላይ ሲቆም ሚዛኑን ትቼ እነሳለሁ፤ ሒሳብ ስቀበል እጄ ላይ ያለውን ረስቼ የፖሊስ ይሆን እያልኩ የሰዉን ጫማ አያለሁ። ባለቤቴ የጁምዓ ሶላት መስጊድ መሄዱን ትቶ ከጆንያዎቹ ጀርባ ይሰግዳል። እንዲሠራ ስላልተፈቀደለት፣ ያ ስንት በር የገጠመ አናጢ፣ አንዲት እግሯ የተሰበረ በርጩማችንን እንኳ አልጠግንም አለ፤ የመዶሻ ድምፅ ከተሰማ ሥራ ሠራህ ይሉኛል ብሎ ፈራ።

4. ይህኛው ቅሬታ በክቡርነትዎ ላይ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሁለተኛው አጣሪዎ ማንንም ጎረቤት ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ፋይሉን አየሁ። ጫማውን አየሁ። ሁዛይፋ የሚባል ሰው እዚህ ይኖራል ወይ ሲለኝ አፌ ቀደመኝና፣ የለም፣ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አልኩት። ሦስት ዓመት ከአንድ ትሪ አብሬው የበላሁትን ሰው አላውቀውም አልኩ። ባለቤቴ በዚያች ሰዓት ከዛላ በርበሬው ጆንያ ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ አፍንጫው ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ በርበሬን አልለምድ ብሎታልና አስነጠሰ። ምንድነው ቢለኝ ድመት ናት አልኩ። ደግሞ አስነጠሰ። ታማብኝ ነው አልኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ሸዋርካብሽ ከማዶ ሆነው፣ አለ፣ እዚያው ውስጥ ነው፣ ደግሞ ሲዋደዱ ብታይ እያሉ ይጮሁ ነበር። ጋሼ ማሙሸትም ዱቄት እንደለበሱ ከወፍጮ ቤታቸው ወጥተው እኔ ራሴ ፈርሜላቸዋለሁ ብለው ማሉ። አጣሪዎ የሁላችንንም ቃል በትዕግሥት ጽፎ ሄደ። ሊወስድ ሳይሆን ሊያረጋግጥ የመጣ መሆኑ የገባኝ ጀርባውን ከሰጠ በኋላ ነው። እስከ ጎጃም በረንዳ ድረስ ሮጬ ተከተልኩት፤ ጋሪውና ተሸካሚው መሃል ጠፋብኝ። ስመለስ ሁዛይፋ ከጆንያው ጀርባ ወጥቶ ዓይኑ ቀልቶ ቆሟል። በዚያ በእትዬ ሸዋርካብሽ አማርኛው፣ ምነው እናቴ፣ ድመት እንደሁ ፈቃድ አትጠየቅ አለኝ። ሳቅኩ፤ ሳቄ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ።

ሪፖርቱ ትናንት ደረሰኝ። አመልካቿ ግለሰቡን እንደማታውቀው በራሷ አንደበት ገልጻለች፤ ጎረቤቶቿ አጥንተው የተዘጋጁ ይመስላሉ፤ በቤቱ ውስጥ የታመመች ድመት አለች ይላል። ስለ ትክክለኛነቱ አመሰግናለሁ። በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ውስጥ ከክፍልዎ በደረሱኝ ወረቀቶች ላይ ስለ አንዳችን ጤና የተጻፈ ነገር ያገኘሁት በዚህኛው ብቻ ነው።

5. ልመናዬ አጭር ነው። ከሰኔ ሠላሳ በፊት ሦስተኛ ሰው ይላኩልን፤ ሲመጣም ማን እንደሆነ ይናገር። እኛ የምንክደው ውሸት ስለምንወድ አይደለም፤ የሚያረጋግጠውና የሚወስደው ሰው የሚይዙት ፋይል አንድ ዓይነት ስለሆነብን ነው። የእውነተኛ ጋብቻ ማስረጃ ምን ምን እንደሆነ በቅጻችሁ ላይ አንብቤአለሁ፤ የጋራ ፎቶግራፍ፣ የጋራ አድራሻ፣ የጎረቤት ምስክርነት ይላል። ሚስት ለባሏ ምን ያህል እንደምትፈራ የሚሞላበት ቦታ ግን የለውም። ቢኖረው ኖሮ ተጨማሪ ወረቀት እጠይቃችሁ ነበር፤ ለወረቀት ብቻ የተገባ ትዳር ይህን ያህል አያስፈራምና።

ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለመስኮትዎ አጭር ሰልፍ፣ ለክቡርነትዎም ፋይል የያዘ ሰው የት እንዳሉ የማይጠይቅብዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ አክብሮቱንም በሚበልጥ ፍርሃት፤

ሐጀራ ሸምሱ
የሁዛይፋ ሚስት (ይህንንም በራሷ አንደበት)
በርበሬ በረንዳ፣ አዲስ ከተማ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣ ከእንግዲህ እንዳይምሉ
ለጋሼ ማሙሸት፣ ሌላ ባል እንዳይፈልጉልኝ
ለድመቷ፣ ባለችበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመላኬ በፊት ደብዳቤውን ያነበበው ኢስሀቅ፣ ሁዛይፋ የተደበቀበትን ቦታ እስከ ጆንያው ድረስ በአደባባይ ጻፍሽው እኮ ብሎ ደነገጠ። እያወቅኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁዛይፋ በርጩማዋን ጠገናት፤ መዶሻውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ከሰኞ ጀምሮ ደጃፋችን ላይ ይቀመጥባታል፤ የሚልኩት ሰው ማንንም መጠየቅ የለበትም፣ ማስነጠሱን ተከትሎ ይምጣ። ለማረጋገጥ የመጣ ከሆነ እኔ አለ እለዋለሁ፤ ለመውሰድ የመጣ ከሆነም ያው አለ ነው የምለው፣ መለየት አልችልምና። ባለቤቴ የሚጠብቀው ሻይ ይዞ ነው። የመጣው ሊወስደው ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ ብርጭቆውን እስኪጨርስ ድረስ እንዲታገሠው ይዘዙልኝ።