የስንዝር እንጨት

ሐረር፣ አቦከር
ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ፣ ለታላቅ ወንድሜ ይድረስ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ሂክማስ እንዴት ናት? ያ የጉልበትህ ሕመም በዚህ ብርድ ተነሥቶብህ ይሆን? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ራሺድም ደህና ነው፤ እንደምታውቀው ወሬ አያበዛም፣ ሰላም በይልኝ ብቻ ብሏል። ሰውነቴ ትንሽ ደክሟል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጾሜ ነበር። ከረመዳን የቀረ ጾም፣ ቀዳ አልነበረብኝም። ለምን እንደጾምኩ መጨረሻው ላይ እነግርሃለሁ፣ አሁን አትቸኩል።

ከአቦከር እስከ ኤረር በር ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትል ይሆናል። በአፌ ስናገር ታቋርጠኛለህ። ሁለት ጊዜ ሞክሬሃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ነገሩን ሳልጀምረው ጫማህን አጥልቀህ ወጣህ። ወረቀት ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ደግሞ በእናታችን ቋንቋ ሳስበው እንባዬ ይቀድመኛል፤ በአማርኛ ደህና አድርጌ እቆጣለሁ። አስተማሪ አይደለሁ? በአማርኛ መቆጣት እንጀራዬ ነው።

ፎቶውን አየሁት። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ቡሽራ፣ የወንድምሽ ልጅ ዝነኛ ሆነች እያለ በስልኩ አሳየኝ። ኑሀ ተንበርክካለች። በጥርሷ የያዘቻት እንጨት ስንዝር አትሞላም። ጫፏ ላይ የሥጋ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ከሥጋው ማዶ የጅቡ አፍ ነው። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ እንኳ ገና አልተነቀለም። ከሥሩ የተጻፈውን ቡሽራ አነበበልኝ፤ በዚህ ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ ጅብ ሲያበሉ አንድም ሰው ተነክሶ አያውቅም ይላል። ይህን ፎቶውን ላነሡት ፈረንጆች የነገርካቸው አንተ ነህ፤ ሌላ ማን ሊነግራቸው ይችላል? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፣ ይባላል። ቡሽራ አንብቦ ሳይጨርስ ቀኝ እጄን ሻርፔ ውስጥ ከተትኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የለመድኩት ነገር ነው፤ እጄ ሳላዘው ይደበቃል።

ለሰው የምንለውን አንተም በቃልህ ታውቀዋለህ። ሶፊ ገጠር፣ አጎታችን ዘንድ ሄጄ ወፍጮ ቤት ስጫወት ወፍጮው ሁለት ጣቴን በላው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ጣትሽ የት ሄደ ብለው ይጠይቁኛል፣ እኔም ወፍጮውን እተርካለሁ። በጥቅምት እናቶቻቸው ይመጣሉ፤ ምን ብለሻቸው ነው፣ እህል ይዛችሁ ሂዱ ስንላቸው ያለቅሳሉ ይሉኛል። ያኔ ኤረር በር አጠገብ ወፍጮ ቤት የነበራቸውን ጋሽ ደምሴን ታስታውሳለህ? የእኔን ወሬ ሰምተው ደንግጠው፣ በሳምንቱ የወፍጮአቸውን የሚሽከረከር ቺንጋ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩት። ልጅ ከደጃፉ እንዳያልፍ ብለውም ከለከሉ። ልጅ ነክቶ የማያውቅ ወፍጮ አጥር ተሠራለት። እኛ ልጆቹ ግን በዚያው ሳምንት ከሥጋው ባልዲ ጋር፣ አባታችን ጅብ የሚያበላበት ሜዳ ላይ ነበርን።

እስቲ አሁን አንድ ጊዜ እንኳ እንደሆነው ልጻፈው። መጋቢት 1986 ነበር። ክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ይዘው ግማሹ ሥጋ ቤት ተዘግቷል። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በየቀኑ የሚለቅመው አጥንትና ትርፍራፊ ጠፍቶበት ጅቦቹን ሁለት ቀን በባዶ ሸኝቷቸዋል። በሦስተኛው ቀን፣ መግሪብ ተሰግዶ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሁለት ፈረንጆች በመኪና መጡ። አባታችን ያገኘውን ትንሽ ሥጋ ይዞ፣ ዛሬ በአፉ የሚያበላው ልጄ ነው አላቸው። ልጄ ያለው አንተን ነው። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር፣ የቤቱ ወንድ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የመጣሁት ባልዲ ልይዝ ነው።

እንጨቷ ከአንተ እጅ እንዴት እኔ እጅ እንደገባች አልጽፍም። ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን ግን ልበል፤ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ጀግና ስለነበርኩ አይደለም፤ ስድስት ዓመቴ ስለነበረ ነው። እኛ ቤት የጅቦቹን ስም ከፊደል በፊት ነው የምናጠናው። የቀረበችው ቡሬ ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን ነጭ ጠባሳ አይቼ አወቅኋት። ገና እንጨቷን በእጄ እንደያዝኩ ነይ ቡሬ አልኳት፣ እሷም መጣች። ቡሬ አልተቆጣችም። ቂምም አልያዝኩባትም። ሁለት ቀን ያልበላች እንስሳ ናት፤ ሥጋውንና ጣቴን አልለየችም፣ ያቀረብንላትን በላች። ዞር ብዬ ስፈልግህ ባልዲው ተደፍቷል፣ አንተ የለህም።

አባታችን በሽርጡ ጠቅልሎ ተሸክሞኝ ሮጠ። መንገዱን ሙሉ ዱዓ እያደረገልኝ ይመስልህ ይሆናል። ወፍጮ ነው በይ፣ ሲጠይቁሽ ወፍጮ በይ ነበር የሚለኝ። እኔም ወፍጮ አልኩ። ቁስሌ ሳይደርቅ ደግሞ እናታችን በአላህ አስማለችኝ። ጅብ ልጁን ነከሰበት ከተባለ ከተማው አባትሽን ይርቀዋል፣ አንቺንም ጂን የለከፋት ብለው የሚያገባሽ ይጠፋል አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ የልጅ መሐላ አይጸናም ብላ እንደገና አስማለችኝ። ባለፈው ሻዕባን፣ ረመዳን ሳይገባ፣ ልትሞት ሰሞን፣ እጄን እያሻሸች ያን ወፍጮ ስትረግመው ሰምተሃታል፤ አጠገቧ ነበርክ። የትኛውን ወፍጮ? ውሸቱን ለሰው ስታወራ ስታወራ እሷም አምናው ሞተች። አላህ ይማራት፣ አንዳንዴ ይህ ከጣቴ ይልቅ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ጫማህን ከማጥለቅህ በፊት ያልከኝንም አልረሳሁም። ይህ ከተማ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በጀጎል መንገድ የሚመላለስበት ከተማ ነው አልክ። ጅብ ሳያውቅ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ደንግጦ ይሮጣል፤ የሚነከሰው ደግሞ የሮጠው ነው አልክ። እውነትህን ነው፣ አልክድህም። እንግዲያው አስተምራት። ሲመጣ ቁሚ፣ ግድግዳ ያዢ፣ አትሩጪ በላት፤ እኛም የተማርነው እንደዚያ ነው። በመንገድ መተላለፍና አፉ ፊት መንበርከክ ግን አንድ አይደለም። ጅቦቹ ሽታዋን ያውቁታልም ብለሃል። የእኔንም ያውቁት ነበር። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። የአንተ እንጨት ለምን ክንድ ተኩል ሆነ? አባታችን በስንዝር ነበር የሚያበላው፣ ያውም በአፉ። አንተ ሥራውን ከተረከብክ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነህ፤ አንድ ቀን በአፍህ ስታበላ አላየሁህም። በፎቶውም ላይ አለህ፣ ልብ ብለህ እየው። ባልዲውን ይዘህ ከኑሀ ኋላ ቆመሃል፣ አንድ እግርህ ወደ ኤረር በር ዞሯል። ለራስህ ክንድ ተኩል፣ ለልጅህ ስንዝር። መፍራትህን ሰው እንዳያውቅብህ የአምስት ዓመት ልጅ ከፊትህ አቆምክ። ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስቴ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት፤ በዚህ በግራ እጄ።

ባለፈው ቅዳሜ ሂክማ ገበያ ስትወጣ ኑሀን እኔ ዘንድ ትታት ሄደች። ልጅቷ አዳዳ፣ አዳዳ እያለች ከኋላዬ ኩስ ኩስ ስትል ዋለች። አክስት መሆን እንዲህ ደስ ይላል። ሰሐን ሳጥብ አጠገቤ ቆማ የጎደለውን ቦታ በጣቷ ነካ አደረገችና፣ ወፍጮው ጣትሽን ሲበላው አሞሽ ነበር ወይ አለችኝ። እኔ መልሼ፣ አንቺስ ጅቦቹን አትፈሪም ወይ አልኳት። እፈራለሁ አለችኝ። ግን እንጨቷ አፌ ውስጥ ስለሆነች ለቅሶው አይወጣም አለች። አባዬም ደስ ይለዋል ብላ ጨመረችበት። አቦ፣ እባክህ፣ እዚህ ላይ ቆም በልና ደግመህ አንብበው።

እዚያው ወጥ ቤት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ወፍጮ እንዳልነበረ፣ ሶፊ እንዳልሄድኩ፣ ቡሬ ማን እንደነበረች ሁሉ ነገርኳት። መሐላዬን አፈረስኩ። ለመሐላው ማካካሻ አሥር ምስኪን ለማብላት አቅሙ ስላልነበረኝ ሦስት ቀን ጾምኩለት፤ አላህ ይቀበለኝ። ራሺድም የሰማው በዚያው ምሽት ነው። ሰባት ዓመት ከአንድ ሰሐን አብሮኝ የበላ ባሌ ጣቴን ምን እንደበላው አያውቅም ነበር። እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ ከዚያ ለዒሻ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ተነሣ። እኔም የራታችንን ሰሐን አነሣሁ።

ኑሀ ግን ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ጣቴ አልነበረም። አባዬስ ያኔ ፈርቶ ነበር ወይ አለችኝ። እንጨቷን ማን እንደሰጠኝ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ለጠየቀችኝ ግን አልዋሸሁም። አዎ ፈርቶ ነበር፣ ልክም ነበር፤ በዚያ ቀን ከሁላችን ልክ የነበረው አባትሽ ብቻ ነው አልኳት። ይህን ለአንተ ሳልነግርህ ለልጅህ መንገሬ ይቆጨኛል። ሃያ ሦስት ዓመት የምትሸሸው ፍርሃት በዚያ ምሽት ሜዳው ላይ የነበረ ብቸኛ ጤነኛ ነገር ነበር። አባታችን ቢፈራ ኖሮ እጄ ሙሉ ይሆን ነበር። እኔም ብፈራ እንደዚያው። አንተ ያጠፋኸው በመፍራትህ አይደለም። በምን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ አሁንም ያንኑ ልታጠፋ እንጨቷን ለልጅህ እየሰጠሃት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኛለህ። በል እሺ፣ ዘግይቻለሁ። ለእኔ ዘግይቷል፣ ለእሷ ግን ገና ነው። ነገ ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ሜዳው ላይ እመጣለሁ። ኑሀ ያቺን እንጨት ይዛ ካገኘኋት ሻርፔን ገልጬ እጄን ለእንግዶቹ አሳያለሁ፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ኑሀ ከእናቷ ጋር ቤት ከሆነች ግን ባልዲውን እኔ እይዝልሃለሁ። አንተም በዚያ በረጅሙ እንጨትህ ታበላለህ፣ ማንም አይስቅብህም። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ የጀመርኩትን ሥራ በዚያው እጨርሰዋለሁ፤ ባልዲ ለመያዝ ሦስት ጣት ይበቃል።

አላህ ልብህን ያራራልህ፣ ጉልበትህን ያሽርልህ፣ የሂክማን ዕድሜ ያርዝመው። ኑሀን ከነአሥር ጣቷ አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። አሚን። ወሰላም።

ወፍጮ ያልነካት እኅትህ