ባለሙያ ሲያየው ብቻ ስለሚሠራው ዋይፋይ

ለተከበሩ የገበያ ሕንጻችን አስተዳዳሪ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኮምፒውተሬ የዋይፋይ ካርድ የበዛ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከደረጃው ሥር ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የምሸጠው ነጋዴ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ወረቀት መቀበል ስላቆመ እንጂ፣ ከርስዎ በቀር ሰው እንዲያነበው ፈልጌ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለየሱቁ ሊኑክስ የተባለው ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር ሲያድሉን፣ የኪራይ ውል እድሳት ከእንግዲህ በእሱና በሕንጻው ዋይፋይ ብቻ እንደሚፈጸም ነግረውን ነበር። ኮምፒውተሩን አልወቅስም፤ ቫይረስ አያውቅም፣ አይንጫጫም። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. ዋይፋዩ ይቋረጣል። ባለሙያዎ አራት ጊዜ መጥቷል፤ ትሁት ሰው ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ገጽ በገጽ ላይ ሲከፍት መስመሩ ውልፍት አይልም፤ በቅጹ ላይ «ሲታይ ሠራ» ብሎ ጽፎ፣ አስፈርሞኝ ይሄዳል። ደረጃውን ወርዶ ትንሽ እንደቆየ መስመሩ ይጠፋል። በደንባችሁ መሠረት በባለሙያ ፊት ያልደረሰ ብልሽት ብልሽት ስላልሆነ፣ አራቱም አቤቱታዎቼ «ተፈትቷል» ተብለው ተዘግተዋል። አንድ ችግር አራት ጊዜ ስለፈታችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. የዕለት ውሎዬን የምጽፍበት ማስታወሻ አለኝ። በእሱ ላይ ለሦስት ሳምንት እያንዳንዱን መቋረጥ ከነሰዓቱ መዘገብኩ። ዝናቡም፣ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው መኪናም፣ የብረት መደርደሪያዬም ንጹሕ ሆነው ተገኙ። መስመሩ የሚሞተው በእሱ የሚመላለስ ነገር በጠፋ በስድስተኛው ደቂቃ ነው፤ ማለትም ደንበኛ ዚፕ ሲያስመርጠኝ። የዋይፋይ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ይተኛል፤ ከተኛ በኋላ መነሣት አይሆንለትም። ባለሙያዎ ግን ታታሪ በመሆኑ አንድም ቀን ተኝቶ አላገኘውም።

፫. መመሪያውን አንብቤ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፌ ቁጠባውን አጠፋሁት። አራት ቀን ያለ አንድ መቋረጥ ዋለ፤ አብራኝ የምትሠራው እህቴ እንኳ «አሁንስ ሰው ሆነ» አለች። ሰኞ ጠዋት ከቢሮዎ የተላከው ማሻሻያ ቁጠባውን መልሶ አበራው፣ ቁጠባውን የማጠፋበትን የይለፍ ቃል ቀየረው፣ «ያልተፈቀደ ንክኪ» የሚል ማስጠንቀቂያም አከለበት። ብልሽቱን በአራት ጉብኝት ያላገኘ ቢሮ ጥገናውን በአንድ ጠዋት ስላገኘው አድናቆቴ ወሰን የለውም።

፬. የእድሳቱ የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር። ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ዘጠነኛው የሽርካዬን፣ ማለትም የእህቴን ፊርማ ይጠይቃል። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች ሱቅ የተበላሸ ዚፕ እየቀየረች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ ያላነበበችውንም አትፈርምም። እሷ መነጽሯን አድርጋ ስታነብ እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ቅጹ ካልተፈረመ ሌላ ገጽ መክፈት አይፈቅድም። «ቶሎ በይ እንጂ እቴ» ብላት፣ «ሱቄን በጥድፊያ አልፈርምም» አለችኝ። ስድስት ደቂቃ አለፈ፤ መስመሩ ጠፋ። መዝገባችሁ «ተከራዮቹ በፈቃዳቸው አቋርጠዋል» ብሎ ጻፈ፤ ሱቃችንም ለዕጣ ወጣ።

እህቴ አንብቤ ልፈርም በማለቷ አልወቅሳትም፤ እርስዎም እንዳይወቅሷት እለምናለሁ። ሱቁን እንዲመልሱልን አልጠይቅም፤ አቤቱታ የሚያቀርበው ተከራይ ብቻ መሆኑን፣ እኛም ከዓርብ ወዲህ ተከራዮች አለመሆናችንን ጸሐፊዎ በደግነት አስረድታኛለች። የቁልፍ መሳቢያዎቹን ከግድግዳው መንቀል ጀምረናል። እህቴ ቁልፎቹን በየቀለማቸው እየለየች በከረጢት ታስራለች።

ለሰጡን ጊዜ፣ በተለይም ለስድስቱ ደቂቃ፣ እጅ እየነሣሁ፣

እስከ ዓርብ ድረስ ተከራይዎ የነበርኩት፣
የክርና የዚፕ ነጋዴው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎ ትናንት ኮምፒውተሩን ሊረከብ መጥቶ፣ ከኀዘኔታ የተነሣ ሥራውን ትቶ ከእህቴ ጋር ጥቂት ተቀመጠ። መስመሩ ዓይኑ እያየ ጠፋ። ቅጽ አወጣና «ብልሽቱ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ፤ የሚፈርምለት ተከራይ ስለሌለ ግን ቀድዶ ጣለው።