የእትዬ ፋጤ ደጋን

መጋቢት 3 ቀን 1961

ሦስተኛ ክፍሎች ማካፈል አሁንም አልገባቸውም። ጠመኔም አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ከደሴ የተላከልን ሣጥን ደረሰ። አንድ ቀስት፣ ስድስት ፍላጻ፣ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ቀለም የተቀባ ትልቅ ወረቀት። መሐሉ ቢጫ፣ አሥር ነጥብ። ዳሩ ነጭ፣ አንድ ነጥብ። ደብዳቤውን ዳይሬክተራችን አቶ ገብረ ኢየሱስ ጮክ ብለው አነበቡት። ግንቦት 6 መርማሪ ይመጣል። በሠላሳ ሜትር ርቀት፣ በሠላሳ ፍላጻ፣ ሁለት መቶ ነጥብ የሚያመጣ አንድ ሰው ካልተገኘ ዕቃው ተነሥቶ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል።

«ማን ይሞክራል?» አሉ።

እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ። የሒሳብ አስተማሪ ምን ቤት ነው? እንጃ... እንጨቱን ስዳስሰው አንድ ነገር ሆንኩ። እንዲህ ያለ ለስላሳ እንጨት ነክቼ አላውቅም። በዕድሜዬ እንዲህ ያማረኝ ነገር የለም።

መጋቢት 5

ከዘበኛችን ከገብረ አምላክ ጋር ክሩን አሰርነው። እንጨቱ ሳይታሰርም እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። በጎበጠበት በኩል ትንሽ ጨምረን አጎበጥነውና አለቀ። ቀላል ሆኖ አገኘሁት። በራሴ ኮራሁ።

ከሜዳው ዳር ሣር አስረን ወረቀቱን ለጠፍንበት። ስድስቱን አምስት ጊዜ፣ ሠላሳ ፍላጻ። አርባ አንድ ነጥብ።

ከሦስት መቶ አርባ አንድ! ተማሪ ቢሆን ምን እለው ነበር?

መጋቢት 12

38። ፍላጻው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይተኛል። በጾሙ አሳበብኩ። አቶ ገብረ ኢየሱስ «እኔም እጾማለሁ፤ ግን ጠመኔ አይከብደኝም» አሉና ሄዱ።

መጋቢት 14

ዛሬ የሳቅ ቀን ነበር። በማን እንደ ተሳቀ ግን...

ጠዋት ገብረ አምላክን «የሚያውቅ ሰው ፈልግልኝ» አልኩት። በረሃ ወርዶ ያደነ ሽማግሌ አይጠፋም ብዬ ነው። ቀስት ያልኩት እንዳይሰወርበት «ደጋን የሚያውቅ» ብዬ አስረዳሁት። በጣም የተማርኩ ነኝና!

በስድስት ሰዓት አንዲት ሴትዮ አስከትሎ መጣ። ከነጭ ፀጉሯ ላይ ጥጥ ተጣብቋል። የባለ ሱቁ የአቶ ሰላሕ ባለቤት ናት፣ ፋጤ ትባላለች። ጥጥ ነዳፊ ናት፤ ጥጥ የምትነድፍበት እንጨትም ደጋን ይባላል።

«ገብረ አምላክ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ደጋን የሚያውቅ ብለውኝ የለም እንዴ መምህር? በሰቆጣ ከሷ በላይ ደጋን የሚያውቅ ካለ እኔ ገብረ አምላክ አይደለሁም!»

መምህራኑ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ቀስቱን ከእጄ ወሰደች፣ ጆሮዋ ሥር አደረገችው፣ ክሩን በአንድ ጣት ነካ አደረገችው።

«ይሄ ደጋን ተገልብጧል» አለች።

«እንዴት?»

«ጀርባውን ሆድ አድርጋችሁታላ። የሚያለቅሰው ለሱ ነው። ይህችን ቦይ አያዩዋትም? ክሩ እንዲተኛባት ተቆፍራ፣ እናንተ በውጭ በኩል ትታችኋት።»

አየኋት። ጫፉ ላይ ቀጭን ቦይ አለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከዓይኔ ሥር ነበረች።

ክሩን ፈታች። በጉልበቷ ተጭና እንጨቱን ወደማይጎብጥበት፣ ወደ እምቢታው በኩል አጎበጠችው። ይሰበራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሌላ ነገር ሆኗል። ጫፎቹ ወደ ፊት ቀና ቀና ብለው... እንዴት እንደሚያምር! ክሩን ነካችው። ድምፁ እስከ ጥርሴ ተሰማኝ።

አንድ ፍላጻ ለቀቅሁ። ሣሩን አልፎ፣ አጥሩን አልፎ፣ ከገብስ ማሳ ገባ። የሚስቅ ሰው አልነበረም።  ይህ ሁሉ ኃይል እጄ ውስጥ ነበር? ተገልብጦ?

መጋቢት 15

እትዬ ፋጤ መጡ። ፀጉራቸው ላይ ዛሬም ጥጥ አለ። ክሩ ላልቶ እንደሆነ ሊያዳምጡ ነው የመጡት።

የትላንቱን አሁን ሳነበው «መጣች»፣ «አለች» ብዬ ጽፌያለሁ። ልሰርዘው ብዕር አነሣሁ። ይቅር። ይታይ።

መጋቢት 24

96።

ሚያዝያ 5

ፋሲካ። ቀስቱን አልነካሁም... ዋሸሁ። ከሰዓት በኋላ ስድስት ብቻ ለቀቅሁ። 29።

ሚያዝያ 13

በሠላሳው 158። ከዚያ ወዲያ አልል አለኝ። እትዬ ፋጤ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዩኛል።

«መምህር፣ ጣትዎ ይሰስታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ክሩን ይሰጡና መልሰው ሊይዙት ይፈልጋሉ። የሰጡትን ይስጡት።»

እንዴት ነው ጣት የሚሰጠው? የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ሚያዝያ 20

ይህን ለማንም አልናገርም። ለወረቀት ብቻ።

ዛሬ ከእትዬ ፋጤ በቀር ሰው አልነበረም። ለጨዋታ «ይሞክሩት እስቲ» አልኳቸው። «ኧረ ይተዉኝ!» አሉ እየሳቁ። ኋላ ግን ተነሡ። ዓይናቸው ወረቀቱን የሚያይ አይመስልም። ክሩን የሚሰሙ ነው የሚመስለው። ሳቡት፣ ቆዩ፣ ተዉት። የለቀቁበት ቅጽበት የቱ እንደሆነ አላየሁም። ክሩ ጥጥ ሲነደፍበት እንደሚለው እም... አለ።

8፣ 7፣ 9፣ 6፣ 10፣ 4። አርባ አራት። በመጀመሪያ ቀናቸው! የእኔ የስድስት ፍላጻ ትልቁ 37 ነው።

 እውነት ለመናገር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደማልፍ ሁሉ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። ቅናት። አቶ ገብረ ኢየሱስ «ዛሬስ?» ሲሉኝ የራሴን ቁጥር ብቻ ነገርኳቸው።

ለምን? ግንቦት 6 እዚያ መስመር ላይ መቆም ያለብኝ እኔ ነኛ...

ግንቦት 3

184። ይሆናል። ይሆናል!

ግንቦት 6

ዛሬ ካልጻፍኩ አልጽፍም።

መርማሪው በጠዋት ደረሱ። ኮታቸው ላይ የመንገድ አቧራ፣ እጃቸው ላይ መዝገብ። ግማሽ ከተማ ሜዳውን ከቧል። አምስት ዙር፣ በየዙሩ ስድስት። 36፣ 39፣ 40፣ 38... በአራተኛው 153 ነበርኩ። አርባ ሰባት ይቀረኛል። እንደማይሆን ሒሳቡን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። በመጨረሻው 35። ድምር 188።

 መርማሪው «ጥሩ ሞክረዋል» ብለው መዝገቡን ዘጉ። ገብረ አምላክ ሣጥኑን ሊያመጣ ሄደ። ቀስቱ እጄ ውስጥ ነው። ሊወስዱት ነው። በአጥሩ ዳር እትዬ ፋጤ ከአቶ ሰላሕ ጎን ቆመዋል፤ እንዝርታቸውን አላሾሩም።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም። ይህ ወረቀት ብቻ።

«ደብዳቤው ምን ይላል ጌታዬ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«ምኑን?»

«አንድ መምህር ይላል? አንድ ተማሪ ይላል?»

አቶ ገብረ ኢየሱስ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። አነበቡት። «አንድ ሰው ነው የሚለው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ሰው አለ። እትዬ ፋጤ፣ ይምጡ።»

ያኔ ሳቅ ሆነ። እትዬ ፋጤ «ኧረ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል?» አሉ። የመለሱላቸው አቶ ሰላሕ ናቸው። «ምን ይላል? ደጋን አይደለም እንዴ? አርባ ዓመት ይዘሽው የለ። ሂጂ በይ።»

ነጥብ ያዥ እኔ ሆንኩ። 37። 41። 40። በሦስተኛው ዙር የሚስቅ ጠፋ። 46። ደመርኩት። 164... ሠላሳ ስድስት ብቻ!

የመጨረሻው ዙር የመጀመሪያ ፍላጻ። ክሩ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘ። ፍላጻው እግራቸው ሥር ወደቀ። ዜሮ። ሕዝቡ «ውይ!» አለ።  ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ክሩን በአንድ ጣት ነክተው አዳመጡት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

9። 8። 10። 9። ደረሰ! ሁለት መቶ ደረሰ፤ እሳቸው ግን የሚቆጥሩ አይደሉም፤ አንድ ፍላጻ ቀርቷልና አነሡት። 9።

209።

ተቀምጬ አለቀስኩ። አላፈርኩም። ሰው እንደዚህ ያለ ነገር አይቶ ካላለቀሰ መቼ ሊያለቅስ ነው? ዓይኔ እያየ እንዲህ ያለ ነገር በሰቆጣ ሜዳ ላይ ሆነ። እልልታው የገበያውን አህዮች በተነ።

መርማሪው ተነሥተው ቆሙ። መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝና «ጽሑፍዎ ያምራል፣ ይሙሉት» አሉ። ስም፦ ወይዘሮ ፋጤ። ነጥብ፦ 209። ሥራ የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁ። ጥጥ ነዳፊ ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

ቀስቱ ቀረልን።

ግንቦት 10

እሁድ። ከቅዳሴ መልስ አቶ ሰላሕ ቤት ሄድኩ። የሚያዝያ 20ን ነገር ሳልነግራቸው እንቅልፍ አላገኝም።

ነገርኳቸው። አርባ አራቱን፣ ዝም ማለቴን፣ ምክንያቱን።

እትዬ ፋጤ ጥጥ እየፈለፈሉ ሰሙኝ። ስጨርስ ሳቁ። «ጣትህ ብቻ አይደለማ የሚሰስተው፣ ልጄ!» አሉኝ። አንተ ብለው የጠሩኝ ዛሬ ነው።

ከዚያ የራሳቸውን ደጋን ከግድግዳው አውርደው እጄ ላይ አኖሩት። አርባ ዓመት የተያዘበት ቦታ ጎድጉዷል፤ የእሳቸው ጣት ልክ ነው። «ጥጥ የሚሰስት ጣት አይወድም። በል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ስነድፍ ቆየሁ። መጀመሪያ ጥጡ ተጠቅልሎ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ኋላ ላይ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ክሩ እም... አለ።

«አሁን ሰጠኸው» አሉ ከጓዳ።

ዛሬ አንድም ፍላጻ አልለቀቅሁም። ጥጥ ስነድፍ ዋልኩ።