የጃርኪን ድንኳን አይፈርስም

ሶን-ኩል ግጦሽ፣ ሐምሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት

እትዬ ጃርኪን፣

ምንጣፎቹን አራግፍ ያልሽኝን አራግፌያለሁ፤ አትቆጪኝ። ተማሪሽ ትንሿ ቱማር ጉንፋኗ ለቋታል። እማዬም ትናንት ትንሽ እህል ቀምሳለች።

ወንዙ ከወሰደሽ ወዲህ ሰው ሁሉ «የአላህ ፍርድ ነው» ይለኛል። እኔ ግን የተቆጣሁት በወንዙ አይደለም። በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ እንደሚሞላ ሕፃንም ያውቃል፤ የወረዳው ትምህርት ቢሮ ግን በዚያው ወር ደጋግሞ አመላለሰሽ። ድንኳኑንና መጻሕፍቱን የሰጠሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ዘንድሮ ይወጣል፤ መንግሥት በጀት ካልመደበ መዋዕለ ሕፃናትሽ ሊዘጋ ነው። የቢሮውን ኃላፊ ድምፅ እያስመሰልሽ እራት ላይ ስታስቂን ትዝ ይለኛል፦ «የኔ እህት፣ በጀት ግድግዳ ላለው ቤት ነው። ነገ ድንኳኑን ነቅላችሁ ብትሄዱ ገንዘቡን የት ብዬ ልፈልገው?»

«ልጆቹ ከበጎቹ ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ትምህርት ቤቱ ታች ተቀምጦ ማንን ያስተምር?» አልሽው።

ወንዙ የወሰደሽ ቀን ከማዶ ደወልሽልኝ። «ኩባት፣ ኃላፊው ሐሙስ ይመጣል! ልጆቹን ሲማሩ ካየ ይፈርማል። ምንጣፎቹን አራግፍ!» ከዚያ ፈረስሽ ብቻውን መጣ።

ከወንዙ ስናወጣሽ፣ ከድንኳኖቹ ሁሉ ሰፊው ያንቺው የመማሪያ ድንኳን ስለሆነ እስከ ቀብርሽ እዚያው ነው ያደርሽው። ሴቶቹ ውስጥ ሙሾ ሲያወርዱ እኔ እንደ ወጉ ወገቤን ታጥቄ፣ በትር ተደግፌ ደጅ ቆሜ ጮኽኩልሽ። እንባ ግን እምቢ አለኝ።

ትናንት ከቀብርሽ ማግሥት አጎቴ ቢሼንባይ ሊያፈርሰው መጣ።

«ተነስ፣ ጠቅልለን እንጫነው» አለኝ።

«አይፈርስም።»

«ማን ነህና አንተ? ከንፈርህ ላይ የወተት ጢም እንጂ ሌላ ጢም አላየሁም! የለቅሶ ድንኳን ከቀብር በኋላ ይፈርሳል። ቆሞ ካደረ ሌላ ሟች ይጠራል።»

«የለቅሶ ድንኳን አይደለም፣ አጎቴ። የልጆቹ ነው። ጃርኪን ናት እንግዳ ሆና ያደረችበት።»

ገመዱን በአንድ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ ያዝነው። ሲጎትት ጎተትኩ። መዳፌ ተላጠ፤ አለቀቅኩም። ያኔ እማዬ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ቢሼንባይ፣ ልቀቅለት። አንድ ነገር እንኳ ቆሞ ይደር።»

አጎቴ ገመዱን ጣለው። «እልኸኛ ዘር!» እያለ ወደ ፈረሱ ሄደ።

ዛሬ ማለዳ አዋቂው ሁሉ መንጋውን ተከትሎ ሲወጣ ብቻዬን ቀረሁ። ድንኳኑ ጨልሞ ነበር፤ ብርሃን የሚገባበትን የጣሪያ ቀዳዳ ክዳን ከለቅሶው ጀምሮ የነካው አልነበረም። የተደገፍኩበትን የለቅሶ በትር አንስቼ ክዳኑን ከታች ገፋሁት። ብርሃኑ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ደጅ ወጥቼ አንቺ እንደምትጣሪው ተጣራሁ። ልጆቹ መጡ፤ ቱማር ከፊት።

ኃላፊው ሲደርስ ፊደል እየቆጠርን ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «መምህሯ የታለች?» አለ።

ቱማር ቀደመችኝ። «ኮረብታው ላይ ቀበሯት። ዛሬ ኩባት ነው የሚያስተምረን፤ መዝፈን ግን አይችልም።»

ልጆቹ ሳቁ። ኃላፊው ፊቱ ልብስ መሰለ። «አልሰማሁም... ሐዘን ላይ ናችሁ፤ ሌላ ቀን ልምጣ።»

«ሌላ ቀን የለም» አልኩት። «ለሐሙስ ነው የቀጠሯት። ጫማዎን እዚያ ያስቀምጡና ይቀመጡ።»

ከልጆቹ ኋላ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ያንቺን የግልገሎቹን ዘፈን ጀመርኩ። መሃል ላይ ድምፄ ተሰበረና ያ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ። ልጆቹ ግን አላቆሙም፤ እየተንጫጩ እስከ መጨረሻው አደረሱት።

ይፈርም አይፈርም ገና አላውቅም። ነገም ክዳኑን እገፋዋለሁ። አፈሩ ሐር ይሁንልሽ፣ እትዬ። ምንጣፉ ንጹሕ ነበር።

ወንድምሽ ኩባት